የእህቴ አቮካዶ

አባታችን ሲሞት ቡታጅራ አጠገብ ያለው የፍራፍሬ ማሳ ለእኔና ለታናሽ እህቴ ተከፈለ። ለእኔ ትልልቆቹ የአቮካዶ ዛፎች ያሉበት ወገን ደረሰኝ። ለእሷ ድንጋያማው ባዶ መሬት። ያኔ የቀናችው እሷ ነበረች፤ ፊቷ ላይ አይቼዋለሁ፤ እውነቱን ለመናገርም ደስ ብሎኝ ነበር።

እኔ ኑሮዬ ቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም ነው። ከማሳዬ የሚመጣውን አቮካዶ ጠዋት ተቀብዬ ከኦሎምፒያ እስከ መገናኛ ላሉ ጭማቂ ቤቶች አከፋፍላለሁ። እህቴ ግን እዚያው ቀርታ ድንጋዩን ለቅማ የተዳቀለ ችግኝ ተከለች። ፍሬው ትንሽ ነው፤ ቆዳው ሻካራ፣ ሲበስል የሚጠቁር። ጎረቤቱ ሁሉ "የፍየል በጠጥ" እያለ ሲስቅባት እኔም አብሬ ስቄያለሁ።

ከዚያ አቮካዷችን ያለ ቀረጥ ወደ ሩቅ አገር የሚገባበት ስምምነት ተፈረመ ተባለ። ባለሙያዎች ማሳ ለማሳ እየዞሩ ማየት ጀመሩ። የእኔ ዛፎች ከመንገድ ስለሚታዩ መጀመሪያ የመጡት ወደ እኔ ነው። አንዱ ቀና ብሎ ቅርንጫፎቹን አየና "ጥላው ደስ ይላል" አለ። ተያይዘው ወደ እህቴ አለፉ፤ እዚያ እስከ ምሳ ቆዩ።

ብዙም ሳይቆይ ለስብሰባ ቦሌ ወዳለ ሆቴል ተጠራች። "ነይ አብረን እንሂድ፤ ብቻዬን እፈራለሁ" ስትለኝ ሄድኩ። ፍርሃት የሚባል ነገር ግን አላየሁባትም። ስሟ የተጻፈበትን ካርድ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ፊት ተቀመጠች፤ እኔ ኋላ፣ አስተናጋጆቹ የሚመላለሱበት በር አጠገብ። ለዒድ የገዛሁላትን ሻሽ ነበር ያሰረችው። የውጭ ሰው ተነስቶ እጇን ሲጨብጣት ሻሹን እያየሁ፣ ምነው ባልገዛሁላት ኖሮ አልኩ።

ሻይ ላይ "ቀረጥ ከተነሳ የኔስ ለምን አይሄድም?" ብዬ ጠየቅኳት።

"እቴ፣ ስምምነቱ በሩን ከፈተ እንጂ ሁሉን አላስገባም። ዓይነቱን ይመርጣሉ፤ መጠኑን ይመርጣሉ፤ ቆዳው ላይ ጭረት ካለ ይመልሱታል። ያንቺ ትልቅ ነው፤ ውሃ ይበዛዋል፤ መርከብ ላይ አይቆይም።"

በክፋት አይደለም የተናገረችው። በክፋት ብትናገር ይሻለኝ ነበር።

የመጀመሪያው ጭነት የሄደ ሰሞን እናታችን ደወለች። "የእህትሽ ፍሬ ባሕር ተሻገረ! አልሃምዱሊላህ!" አለች። የቤቷን ጣራ ያስቀየርኩት እኔ ነኝ፤ ያን ቀን አንዴ "ተባረኪ" ብላኝ ነበር። አሁን የእህቴን አቮካዶ ነገር ሦስቴ ደጋግማ ነገረችኝ። "እሰይ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

በሚቀጥለው ዓመት በረዶ ጣለ፤ የእህቴ ፍሬ ቆዳው ተጫረ። ፍሬውን እያሸገ ወደ ውጭ የሚልከው ድርጅት ብዙውን መለሰባት። "አንቺ ጋ ይምጣ?" አለችኝ በደከመ ድምፅ።

"ላኪው" አልኳት። ማዘን ነበረብኝ፤ እኔ ግን ቤቴን እየዘፈንኩ ነበር የጠረግኩት።

ጭነቱን ይዤ መጀመሪያ የሄድኩት መገናኛ ወዳለችው ደንበኛዬ ነው። ጭማቂ ቤት ከከፈተች ጀምሮ የማስገባላት እኔ ነኝ። "ምነው ጠቆረ? ተበላሽቷል እንዴ?" አለች። አንዱን ሰንጥቄ ሰጠኋት። በማንኪያ ቀመሰች፤ ደግማ ቀመሰች።

"እትዬ፣ ይሄን እስከ ዛሬ የት ደብቀውት ነው?"

"ለውጭ የሚላክ ነው። ሁልጊዜ አይገኝም።"

"ሲገኝ ከዚህ ብቻ ያምጡልኝ። ያ የድሮው ይቀጥናል፤ ስኳር እየጨመርን ነው የምንሸጠው። ላለማስቀየም ብዬ እንጂ…"

ስንት ዓመት ላለማስቀየም ስትገዛኝ እንደኖረች አልጠየቅኳትም። ሌሎቹም ጭማቂ ቤቶች አነሱት፤ ከምሳ በፊት አለቀ።

እህቴ ደወለች። "ተሸጠ?"

"ተሸጠ።"

"ወደዱት?"

"ምንም አላሉም" አልኳት።

ከሳምንታት በኋላ ሳትነግረኝ ቡልቡላ መጣች። ከዛፎቿ የቆረጠቻቸውን ቀንበጦች ልታሳየኝ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ይዛለች። "ዛፎችሽን ከግንዳቸው ቆርጠን እነዚህን እናዳቅልባቸው። የመገናኛዋ ሴትዮ ስልክ ቁጥሬን ጭነቱን ካመጣው ሹፌር ወስዳ ደውላልኝ ነበር። ጨምሪልኝ ስትለኝ ከእህቴ ግዢ አልኳት።"

የዋሸሁትን አላነሳችም። ቀንበጦቹን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ውሃ ጠየቀችኝ። ያ ትዕግሥቷም አስቀናኝ፤ እኔ በእሷ ቦታ ብሆን ሳልናገር አልቀርም ነበር።

ማሳው ሄደን ጥቂት ዛፎች ቆረጥን። የቀሩትን "አይሆንም" አልኩ። ትልቁ ሲወድቅ ዞር አልኩ፤ እሷ ግን ወዲያው ጉቶው አጠገብ ተንበርክካ ቅርፊቱን በቢላ ሰነጠቀች፤ ቀንበጡን ሰክታ በላስቲክ ጠመጠመች።

"ማን አስተማረሽ?"

"አባባ። መጨረሻ ላይ፣ ሲታመም።"

እኔን አስተምሮኝ አያውቅም። በዚያ ሰሞን እኔ ቡልቡላ ነበርኩ፤ ቢሆንም ልቤ ተቃጠለ።

ዘንድሮ አንዳንዶቹ ይዘው ቅጠል አውጥተዋል፤ ሌሎቹ ደርቀዋል። ባለፈው ማሳዬ ላይ ስንገናኝ የደረቁትን በጣቷ ነካ ነካ አድርጋ "አይዞሽ፣ የኔም መጀመሪያ ላይ ደርቆብኝ ነበር" አለችኝ።

አላመንኳትም።