ሳልሰማው የገዛሁት ድምፅ ማጉያ

እብድ በሉኝ፣ ግድ የለም። በጃንሆይ ዘመን፣ ደብረ ብርሃን ልብስ እየሰፋሁ ስኖር፣ ሁለት ትልልቅ የድምፅ ማጉያ ሣጥኖች ትንፍሽ ሲሉ ሳልሰማ ገዛሁ። ሰው ዶሮ እንኳ ሲገዛ ደረቷን ዳብሶ ነው!

ለራሴ አልነበረም። አባቴ አንኮበር ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ያስተማሩ መሪጌታ ነበሩ። ጆሯቸው እየከዳቸው ሄደና አንድ የበዓል ቀን ማኅሌት ላይ ሌላው ሲያነሳ እሳቸው ዝም፣ ሌላው ዝም ሲል እሳቸው ብቻቸውን ቀጠሉ። ተማሪዎቻቸው ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ማኅሌት አልቆምም ብለው እኔ ዘንድ መጡ፤ ግድግዳ ሲያዩ ይውላሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ «አባዬ» ስላቸው አንድ ቀን ዞር ብለው አላዩኝም። እሁድ ጠዋት ሬዲዮው ዜማ ሲያሰማ በትልቅ ማጉያ ብከፍተው አንዲት ሐረግ እንኳ ትገባላቸው ይሆናል ብዬ ተመኘሁ። ሌላ ምኞት አልነበረኝም።

የከተማችን ሬዲዮ ጠጋኝ ሞቶ ሚስቱ ዕቃውን ትሸጣለች ሲሉኝ በረርኩ። አርባው እንኳ ገና አልወጣም። ሴትዮዋ ከል ለብሳ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ሁለት አሮጊቶች አጠገቧ አሉ። ሣጥኖቹ ጥግ ላይ ነጠላ ተጥሎባቸው ቆመዋል። እኔ ችኩሏ «እህቴ፣ እስቲ ትንሽ ከፍተን እንስማቸው?» ከማለቴ አሮጊቶቹ በስመ አብ ብለው አማተቡ። ሐዘን በተቀመጡበት ቤት ሬዲዮ ሊከፈት! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከዚያ በኋላ ስለ ድምፁ መጠየቅ ቀርቶ ቀና ብዬ ማየትም አፈርኩና በኩሊ አስጭኜ ወጣሁ። ሴትዮዋ እስከ በር ተከትላን ቀኙን ሣጥን በመዳፏ ዳሰሰችው።

እሁድ ጠዋት ሽቦ የሚያውቅ ጎረቤቴ ገጠመልኝ። ግራው ሣጥን ሲጮኽ የጣሪያው ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ፤ የሰፈሩ ሰው ምን መጣ ብሎ ወጣ። አባቴ ግን ዓይናቸው እንኳ አልተርገበገበም። ቀኙ ሣጥን ደግሞ ጭራሽ ዲዳ ነበር። ጎረቤቴ የኋላ ክዳኑን አላልቶ አየና «ሽቦው ከውስጥ ተቆርጧል፣ ይሄ የሞተ ነው» አለኝ። በንዴት አለቀስኩ።

በማግስቱ ከገበያ ስገባ አባቴ ከዲዳው ሣጥን ፊት ተንበርክከው መዳፋቸውን ፊቱን በሸፈነው ጨርቅ ላይ ለጥፈዋል። እኔ ምንም ሳልናገር «ዝም በይ» አሉኝ። «ሰውዬው ይቆጥራል።»

ሬዲዮው ተዘግቷል። የሣጥኑ ሽቦ ከምንም ጋር አልተያያዘም።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት...» እያሉ በለሆሳስ ተከተሉት። ሰባት ላይ ቆሙ። «አሁን ይስላል» አሉ። ፊታቸው በርቶ ነበር።

ሳምንቱን እንዲያው ሆነ። ምሳዬን እዚሁ ሣጥኑ ዘንድ አቅርቢልኝ ማለት ጀመሩ። ምን ልደብቅ፣ ቀናሁ! እኔ ልጃቸው ጮኼ የማይሰሙኝ፣ የማያውቁትን ሰው ሳል ይሰማሉ። ብልጭ ብሎብኝ ወደ ሴትዮዋ ሄድኩ።

«የሞተ ሣጥን ሸጥሽልኝ» አልኳት። «አባቴ ደግሞ ከውስጡ ሰው ይቆጥራል እያሉ ሊያሳብዱኝ ነው።»

«ስንት ድረስ?» አለች።

«ሰባት። ከዚያ ይስላል።»

እጇን አፏ ላይ ጫነች። ባሏ የጠገነውን ሁሉ በማይክሮፎን እየቆጠረ በዚያ በቀኙ ሣጥን ነበር የሚፈትነው፤ ሰባት ላይ ሲደርስ ሳል ያቋርጠዋል፤ የገደለውም ያ ሳል ነው። ሽቦውን የቆረጠችው ራሷ ናት፤ ከቀብር እንደተመለሰች፣ ከእሱ በኋላ ማንም እንዳይናገርበት ብላ፤ የሸጠችው ቸግሯት ነው። ያንን ሁሉ ነገረችኝና «ነገ ጠዋት መጥቼ እወስደዋለሁ፣ በእመቤቴ አትከልክይኝ» አለችኝ። እንዴት ብዬ ልከልክላት? ባሏ ነው።

በነጋታው አባቴ ገና በማለዳው ሣጥኑ ፊት ተቀምጠዋል። ሴትዮዋ ከመድረሷ በፊት ብዬ ከሣጥኑ ኋላ ዞርኩ። አፌን በላላው ክዳን ስንጥቅ ላይ ደፍቼ «አባዬ» አልኩ። ለራሴም የሚሰማ ድምፅ አልወጣኝም። ደግሜ «አባዬ፣ እኔ ነኝ» አልኩ።

ቀና ብዬ በሣጥኑ ጎን አየኋቸው። መዳፋቸውን ጨርቁ ላይ ጠበቅ አድርገዋል።

«ዛሬ ሰውዬው የለም» አሉ። «ሴት ናት። አባቷን ትጣራለች።» ትንሽ አዳመጡ። «ምስኪን! አባቷ አይሰማትም መሰለኝ።»