የተሰጠበት ቀንና የደረሰበት ቀን

እህቴ ከሳውዲ «ገንዘብ ሰጥቻለሁ» ብላ በደወለች ቁጥር እናቴ «ደርሷል ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ትላት ነበር። ገንዘቡ ግን በዚያ ቀን ደርሶ አያውቅም። አሥር ቀን፣ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከወር በላይ ይቆያል። ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በአንዲት ስቱዲዮ ውስጥ ከእናቴ ጋር እየኖርኩ ይህን ለማወቅ አራት ዓመት ገደማ ፈጀብኝ።

እህቴ የሄደችው ለአንድ ነገር ነው። ጌጃ ሰፈር ውስጥ የልብስ ስፌት ቤት መክፈት ትፈልጋለች። ሙያውን ከመሄዷ በፊት ተምራዋለች። የአባታችንን አሮጌ ካፖርት ፈትታ ለእኔ ጃኬት ስታደርገው፣ የተቀጠለው የቱ ጋ እንደሆነ ፈልጌ አጥቻለሁ። የጎደላት ቤቱና መኪናው ነበር። ለሱቅ የሚሆን ክፍል የሚያከራዩ ሰዎች የዓመት ኪራይ በአንዴ ይጠይቃሉ። በዚያ ላይ አንድ የስፌት መኪናና የጨርቅ ጠርዝ የሚዘመዝም ኦቨርሎክ ያስፈልጋል። ይህን አጠራቅማ ልትመለስ በሰው ቤት ሠራተኝነት ለሁለት ዓመት ተዋዋለች። ሁለቱ ዓመት ሲያልቅ «አልሞላም» ብላ ሌላ ሁለት ጨመረች።

መጀመሪያ ላይ የምትልከው ፈቃድ ባለው ገንዘብ አስተላላፊ በኩል ነበር። እዚያ ለእያንዳንዱ መላክ ክፍያ አለ፤ ክፍያው ደግሞ ጥቂትም ቢላክ ብዙ ያው ነው። እሷ በየወሩ ጥቂት ጥቂት ስለምትልክ ክፍያው ያንገበግባት ጀመር። አንዲት አብራት የሄደች ልጅ ሌላ መንገድ አሳየቻት። እዚያ አንድ ሰው ሪያሉን ይቀበላል፤ እዚህ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ መጋረጃና አንሶላ የሚሸጥ ነጋዴ ብሩን ለእናታችን ይሰጣል። ክፍያ የለውም። ሕጋዊ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን ሰፈሩ ሁሉ የሚያደርገው ነገር ስለሆነ ብዙም አላስጨነቀንም።

እናቴ ከነጋዴው ብሩን ስትቀበል ለቤት ወጪ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መጠን ታስቀራለች። ቀሪውን በማግስቱ ባንክ ታስገባለች። በዚህ ነገር እንደ እሷ የተጠነቀቀ ሰው አላየሁም። ለበዓል እንኳ ከተቀማጩ ላይ አንድ ብር አንስታ አታውቅም።

አምና ጉልበቷን አሟት ስለነበር ወደ ነጋዴው ስትሄድ ደግፌያት ሄድኩ። ሰውየው ገና ሲያያት ከመቀመጫው ተነሣ።

«እናቴ፣ ይግቡ ይግቡ። ጉልበትዎ እንዴት ሆነልዎ?»

«ደህና ነው ተመስገን።»

«ይሄ ልጅዎ ነው? ምነው ዝም አለ?»

«እሱ ሲጽፍ ነው የሚናገረው» አለች እናቴ።

ሰውየው ሳቀ። ሻይ አስመጣ። ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ዘይት ዋጋ፣ ስለ ዝናቡ አወራ። ሻዩ ሲያልቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዛሬ እንኳ አልሞላልኝም እናቴ። ሰኞ ብቅ ቢሉ?» አላት።

«ችግር የለም ልጄ፣ ምን ያስቸኩለናል» አለች።

ወጥተን ጥቂት እንደተራመድን እህቴ ሪያሉን የሰጠችው መቼ እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ቅርብ ጊዜ ነው።»

ቅርብ አልነበረም። እህቴ የድምፅ መልእክት የላከችበትን ቀን አስታውሳለሁ፤ አሥራ ስድስት ቀን ሆኖታል። በዚያው ቀን ደግሞ እናቴ ስልኬን ተቀብላ «ደርሷል» ስትላት አጠገቧ ነበርኩ።

«ደርሷል ብለሻት አልነበር እንዴ?»

«ታዲያ ምን ልበላት? የሰው ቤት ስታጥብ ውላ ማታ ደግሞ ደረሰ አልደረሰ እያለች ትገላበጥ?»

«ሰውየውንስ ለምን አትጠይቂውም?»

«አንተ ደግሞ። እያከበረኝ?» አለችና እጄን ለቅቃ ቀደመችኝ። ጉልበቷ እየታመመ እንኳ ልደርስባት አልቻልኩም።

ሰኞ እኔ ብቻዬን ሄድኩ። ነጋዴው ብሩን ሁለት ጊዜ ቆጥሮ ሰጠኝ። እህቴ በድምፅ መልእክቷ ሁልጊዜ ሁለት ነገር ትናገራለች፦ ስንት ሪያል እንደሰጠችና እዚያ ያለው ሰው አንዱን ሪያል በስንት ብር እንደሚያስበው የነገራትን። የተሰጠኝ ብር ከዚያ ያንስ ነበር። መናገር ባይሆንልኝም ይህን ጠየቅኩት።

«ያ የዚያን ቀን ዋጋ ነው ወንድሜ» አለኝ፤ ፊቱ ላይ ምንም ቅያሜ የለም። «እኔ የምከፍለው በዛሬው ነው። ገበያው ወርዷል። ክፍያ እንደሆነ አንወስድም፤ እናትህን ጠይቃት።»

እውነቱን ልናገርና አመንኩት። በትሕትና የሚናገር ሰው ሲያጋጥመኝ ማመን ይቀናኛል። ከኮንዶሚኒየማችን ሥር ያለው ባንክ በሩ ላይ የዕለቱን ምንዛሪ ይለጥፋል። እዚያ ስደርስ ቆሜ አነበብኩት። ሪያል አልወረደም፤ እንዲያውም ከሁለት ሳምንቱ በፊት ከነበረው ጨምሯል። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሰውየው ክፍያ አይወስድም ያለው እውነት ነው፤ ሪያሏን ግን በርካሽ ይገዛታል። የሚያዘገየውም በመሐሉ በገንዘቡ እየሠራበት ነው።

እኔ ልደታ ፍርድ ቤት አጠገብ አቤቱታና ማመልከቻ በኮምፒውተር የሚጻፍበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። ሥራውን ያስተማረኝ የለም፤ ሰው የጣለውን ቅጂ እያነበብኩ ነው የለመድኩት። በዚህ ሥራ ቀን ትልቅ ነገር ነው። አቤቱታው ምንም ያህል ቢያምር ቀኑ ከተሳሳተ ባለጉዳዩ ተመልሶ ይመጣል። በማግስቱ በምሳ ሰዓት የእህቴን የድምፅ መልእክቶች አንድ በአንድ ሰማኋቸው፤ ከስልኬ ላይ ምንም አጥፍቼ አላውቅም። ከጎናቸው የባንክ ደብተሩን ዘረጋሁ። የተሰጠበት ቀን፣ የተነገራት ዋጋ፣ ባንክ የገባበት ቀን፣ የገባው ብር፣ እናቴ ለቤት ያስቀረችው። ፈጣኑ በዘጠኝ ቀን ደርሷል፤ የዘገየው አርባ አንድ ቀን ወስዷል። አንድም ጊዜ የተነገራትን ያህል አልደረሰም።

እናቴ በዚያ ሁሉ ጊዜ መጠኑን ተናግራ አታውቅም። እንዴት ትናገር? ገንዘቡ ሳይመጣ «ደርሷል» ብላ ነገሩን ዘግታዋለች። በኋላ ብሩ ሲመጣ እንደገና ደውላ «ይህን ያህል ነው የደረሰው» ማለት ቀድሞ የተናገረችውን ማፍረስ ይሆንባታል። እህቴ ስለዚህ እዚያ በተነገራት ዋጋ እየደመረች ነበር የምትኖረው።

ይህን ባወቅሁ በሳምንቱ ከእህቴ መልእክት መጣ።

«ስማ፣ ውሌ ሊያልቅ ነው። ማዳም ትጨምሪያለሽ ወይስ ትሄጃለሽ ብላኛለች፤ ዓርብ መልስ እሰጣለሁ። እኔ እንደቆጠርኩት ለኪራዩም ለሁለቱ መኪኖችም ሞልቷል። አንተ ደብተሩን አይተህ ልክ ልኩን ንገረኝ። እማዬን ብጠይቃት ተርፎኛል ነው የምትለኝ።»

ደብተሩ ላይ ያለው ለመኪኖቹ ብቻ ነበር የሚበቃው። ኪራዩ የለም። ነይ ብንላት ሁለት መኪና ይዛ የምታስቀምጥበት ቤት የላትም፤ ያጠራቀመችውን እየበላን ዓመት እንኳ አንቆይም። እውነቱን ብንነግራት ደግሞ ሌላ ሁለት ዓመት ልትፈርም ነው። ሠንጠረዡን ለእናቴ አነበብኩላት። ከነጠላዋ ጫፍ ላይ ክር እየመዘዘች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ትምጣ» አለች። «እሷ ትምጣ እንጂ ቤቱን እንፈልጋለን።»

ሁለት ቀን ሙሉ ስለዚህ አልተነጋገርንም። ሐሙስ ከሰዓት ከሥራ ስገባ ግን መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ትጠብቀኝ ነበር።

«ደውልልኝ» አለች።

ደወልኩና ድምፁን ከፍ አድርጌ በመሐላችን አስቀመጥኩት። እናቴ ሰላምታውን እንኳ እንደ ወትሮው አላስረዘመችም።

«ልጄ፣ ደርሷል ስልሽ የነበረው አልደረሰም ነበር።»

«የትኛው?»

«ሁሉም። ቆይቶ ነው የሚመጣው። ሲመጣም ጎድሎ ነው። እኔ ነኝ ያልነገርኩሽ።»

ከእህቴ በስተጀርባ የሳህን ድምፅ ይሰማል። እኔ ትጮኻለች ብዬ ስልኩ ላይ አፍጥጬ ነበር።

«እስኪመጣ ድረስ ታዲያ ከማን ስትበደሪ ነበር?» አለች።

«ከታች ካለው ሱቅ። የወሎዋ ሴትዮ ደግ ናት፣ ትሰጠኛለች።»

«በዱቤ ስትሰጥሽ ዋጋ ትጨምራለች?»

«ኧረ አትጨምርም።» ትንሽ አሰበች። «ዘይት ላይ ብቻ።»

እህቴ ሳቀች። እናቴ መሳቋን ስትሰማ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። እኔ በሥራዬ ብዙ የይቅርታ ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ እንደ እነሱ ያጠረ ይቅርታ ግን ጽፌ አላውቅም።

«አንተ፣ ያንን ሠንጠረዥህን ላክልኝ» አለችኝ እህቴ። «ለእማዬ ደግሞ ዛሬውኑ ገንዘቡ በቀጥታ የሚገባበት የራሷን ሒሳብ አስከፍትላት። ሱቅ ለሱቅ መዞሯ ይብቃ።»

እህቴ ዓርብ ከሰዓት ለሁለት ሰዓት ያህል ከማዳሟ ቤት ትወጣለች። እኔ በበኩሌ የገንዘብ አስተላላፊዎችን ክፍያና ምንዛሪ ከኢንተርኔት ለቅሜ፣ ሰባት ዓምድ ያለው ሌላ ሠንጠረዥ ሠርቼ ላክሁላት። አላየችውም። ሦስት ቦታ ገብታ መስኮቱ ላይ ያለውን ሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፦ «ይህን ያህል ሪያል ከእጄ ቢወጣ፣ እናቴ ሒሳብ ውስጥ ስንት ብር ይገባል?» ክፍያህ ስንት ነው አላለችም፣ ምንዛሪህ ስንት ነው አላለችም። አንደኛው ቦታ «ክፍያ የለም» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ለጥፏል፤ ከሦስቱ ትንሹን ብር የነገራት እሱ ነው። ክፍያ የሚያስከፍለው ሦስተኛው ቦታ ትልቁን ነገራት። የእኔ ሰባት ዓምድ የሚደርስበት መልስ ላይ በአንድ ጥያቄ ደረሰች። ክፍያው ለትንሽም ለብዙም አንድ ስለሆነ ደግሞ ከእንግዲህ የምትልከው በሁለት ወር አንዴ እንዲሆን ወሰነች።

«በመሐል ያለው ወር የቤት ወጪው በእኔ ነው» አልኳት።

«ከየት አምጥተህ?»

«ከደመወዜ።»

«እሰይ፣ አንተም ሰው ሆንክ» አለች። የቀለደችብኝ ቢሆንም ሳምንቱን ሙሉ ደስ ሲለኝ ሰነበተ።

ከማዳሟ ጋር የተነጋገረችውን የነገረችን በዚያው ምሽት ነው። «አንድ ዓመት አልኳት። ሁለት ነው እንጂ አለች። አንድ አልኳት። ትኬት አልቆርጥልሽም አለችኝ። እሺ እኔ እቆርጣለሁ፣ ግን ማን ልጆችሽን ያስተኛልሻል አልኳት። ሄዳ ከባሏ ጋር ተማከረችና መጣች። አንድ ዓመት።»

«ቅር አላላትም?» አለች እናቴ።

«ቅር ይበላት እማዬ። አንቺ ሁሉም ሰው እንዳይቀየም ስትይ ነው እዚህ ያቆየሽኝ።»

እናቴ ይህንንም ዋጠችው። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ «ልክ ናት» አለችኝ።

ደብተሩ ላይ ያለው ብር ተቀምጦ እንዲጠብቃት እህቴ አልፈለገችም። ዕቃ በየወሩ እየተወደደ ሳለ ብሩ ባለበት ይቆያል አለች። ስለዚህ መኪኖቹ አሁን ይገዙ፤ በሚቀረው ዓመት የምትልከው ለኪራዩ ይሆናል። መርካቶ ሄጄ የትኛውን እንደምገዛ፣ የቱን ብሎን ፈትቼ እንደማይ፣ መሽከርከሪያውን በእጄ ሳዞር ምን ዓይነት ድምፅ መስማት እንደሌለብኝ በድምፅ መልእክት አስጠናችኝ። ሰባት ሱቅ ገባሁ። ስድስቱ ጋ ያንን ድምፅ ሰማሁት።

የስፌት መኪናውን ሁለት ተሸካሚዎች አራተኛ ፎቅ ድረስ አወጡልን፤ ኦቨርሎኩ በማግስቱ መጣ። ስቱዲዮዋ ስለጠበበች የእኔን አልጋ ወደ በሩ ገፋነው። ቅዳሜ ጠዋት እህቴ በቪዲዮ ደወለችና አንድ መስመር እንድሰፋ አዘዘችኝ። ከዚያ በፊት መርገጫ ረግጬ አላውቅም። ቁራጭ አቡጀዲ አስገብቼ ቀስ ብዬ ሰፋሁና ጨርቁን ወደ ካሜራው አስጠጋሁ።

«ገልብጠው» አለች።

ገለበጥኩት።

«የታችኛው ክር ላልቷል። ትንሿን ብሎን ሩብ ዙር ወደ ቀኝ።»

አዞርኩና እንደገና ሰፋሁ። እናቴ ከትከሻዬ ላይ አጎንብሳ ታያለች። እህቴ ፊቷን ወደ ስልኩ አቅርባ ረጅም ጊዜ መረመረችው።

«አሁን ጥሩ ነው» አለች። «ዘይት አጠጣውና ሸፍነው። እስክመጣ ማንም እንዳይነካው፣ አንተም ጭምር።»