በ«ኮም» የሚጀምሩ ቃላት

ነጭ ጋዎኔን እንደለበስኩ ነበር እሥር ቤት ያስገቡኝ። አዲስ ከተማ ሰፈር በምሠራበት መድኃኒት ቤት፣ ለአንዲት እናት የልጇን ሽሮፕ አወሳሰድ እያስረዳሁ ሳለ ሁለት ሰዎች ገብተው «ለአንድ ጉዳይ ትፈለጊያለሽ» አሉኝ። ሽሮፑን ለሴትዮዋ ሰጥቼ፣ «ከምግብ በኋላ ነው፣ እንዳትረሺ» ብያት ወጣሁ። ጋዎኑን ማውለቅ ትዝም አላለኝ።

የእሥር ክፍሉ በር ሲከፈት ውስጥ የነበሩት ሴቶች ብድግ ብድግ አሉ። ሐኪም የመጣችላቸው መስሏቸው ነው። አንዷ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ዘረጋችልኝ። ሌላዋ «ተመስገን፣ ዛሬ ገና ሰሙን» አለች። ገና እንደቆምኩ በሩ ከኋላዬ ተዘጋ፤ ቁልፉም ሲዞር ሁላችንም ሰማነው። ያኔ ገባቸው። ክንዷን የዘረጋችው ሴት እጅጌዋን ቀስ ብላ መለሰችና ፍራሿ ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ።

«ነይ ተቀመጪ» አለችኝ። «መቆም ምን ያደርግልሻል።»

ይህች ሴት ሐይቁ ዳር ባለው አሞራ ገደል ገበያ ዓሣ ትሸጥ ነበር። አማርኛን ያወቀችው በገበያ ነው፤ ስትናገር ቃሉን እንደ ዕቃ አገላብጣ አይታ ነው የምታወጣው። ወንድሟን ፈልገው ቢያጡት እሷን ወሰዷት። «እሱ እስኪገኝ አንቺ ቆዪ አሉኝ» ትላለች፣ ወረፋ እንደሚጠብቅ ሰው። እኔን ያሳሰረኝ ደግሞ ጥያቄ ነው። በሰፈር ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ፣ ባለፈው ሳምንት የተወሰዱት የጎረቤት ልጆች የት እንዳሉ ጠይቄ ነበር። መልሱን ራሴ ሄጄ እንዳየው ተደረገ።

ክፍሉ ቀድሞ የዕቃ ማከማቻ የነበረ ይመስለኛል። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ እጅ የማይደርስበት ላይ አንዲት ጠባብ መስኮት አለች። ጠዋት ጠዋት አባ ኮዳ የሚባሉት የሐይቁ ትልልቅ ወፎች ጣሪያው ላይ እየተንጎራደዱ ይቀሰቅሱናል። ከባድ ሰው በጫማ የሚሄድ ነው የሚመስለው። በመጀመሪያው ጠዋት «ማነው?» ብዬ በርግጌ ስነሳ ሴቶቹ እስኪያለቅሱ ሳቁብኝ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ በኩል ሲዞር የእርጥብ ሣርና የዓሣ ሽታ ይዞ ይገባል። ዓሣ ሻጯ ዓይኗን ጨፍና ታሸትና «ዛሬ የቆሮሶ ዓሣ በደንብ ወጥቷል» ትለናለች። እውነት ይሁን አይሁን የሚያጣራ አልነበረም፤ ደስ ስለሚለን እናምናታለን።

ጥጉ ላይ ግድግዳ ተደግፈው የሚቀመጡ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምረዋል። ሁላችንም «ቲቸር» ነበር የምንላቸው። የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ሲፈለጉ፣ ሁለቱን ቤታቸው አሳድረዋል ተብለው ነው የተያዙት። ክሳቸው «ግብረ አበር» የሚል ነበር። እግራቸው ያብጣል። እኔም ብርድ ልብስ ደራርቤ እግራቸውን ከፍ አድርገው እንዲተኙ ነገርኳቸው። ጋዎኔ እዚያ ክፍል ውስጥ የሰጠው የሕክምና አገልግሎት ይህ ብቻ ነው።

የቲቸር እህት ሊጠይቋቸው ሲመጡ ቆሎ ያመጣሉ። ቆሎው መናኸሪያው አጠገብ ከምትሸጥ ሴት የተገዛ፣ እንደ ቀንድ በተጠቀለለ ወረቀት ውስጥ የተደረገ ነው። በር ላይ ያሉት ፈታሾች ቆሎውን በጣታቸው ያማስሉታል። ወረቀቱን ልብ ያለው አልነበረም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቲቸር ቆሎውን ነጠላ ላይ ገልብጠው ወረቀቱን ጨምድደው ሊጥሉት ሲሉ እጃቸው ቆመ። ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው በመዳፋቸው አቃኑት። ከአሮጌ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የተገነጠለ ቅጠል ነበር።

«ኮም» አሉ።

«ምን አሉ?» አለች ዓሣ ሻጯ።

«እዚህ ላይ ያሉት ቃላት ሁሉ በኮም ነው የሚጀምሩት። ሲ፣ ኦ፣ ኤም።» ሲታሰሩ መነጽራቸው ስለተወሰደባቸው ወረቀቱን ከዓይናቸው አራቁት። «እንግሊዝኛ ቃሉን ከየአገሩ ነው የሰበሰበው። ይሄ ኮም የሚባለው ብዙውን ጊዜ ከላቲን የመጣ ነው። 'አብሮ' ማለት ነው።»

ቆሎውን እየዘገንን እናዳምጣለን።

«ኮምፓኒየን» አነበቡ። «ጓደኛ። ፓኒስ በላቲን ዳቦ ነው። ስለዚህ ኮምፓኒየን ማለት ዳቦ አብሮ የሚበላ ሰው ነው።»

ዓሣ ሻጯ መዳፏን ከፍታ አየች። «ቆሎስ?»

«ቆሎም ያስኬዳል» አሉ ቲቸር። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሲሉ ያየኋቸው ያን ቀን ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ እህታቸውን «ቆሎውን ከዚያችው ሴት ግዢልኝ» አሏቸው። እህታቸው ቆሎው ጥሟቸው መሰላቸው። ሻጯም መጽሐፉን ከአንድ ቦታ ይዛ ስትገነጥል ቆይታለች መሰለኝ፣ የሚመጣው ቅጠል ሁሉ ከዚያው ከኮም ሰፈር ነበር። እኛም ከቆሎው ይልቅ መጠቅለያውን መጠበቅ ጀመርን።

ቲቸር አስተማሪ ናቸውና ዝም ብለው ትርጉም አይነግሩንም፤ መጀመሪያ ያስገምቱናል፣ ከዚያ ሥሩን ያወጡልናል። ኮምፎርት፣ ማጽናናት፣ ሥሩ ብርታት ነው አሉን፤ ሰውን ማጽናናት ማለት ማበርታት ነበር። ኮምፕሌን፣ ማማረር፣ ሥሩ ደረት መድቃት ሆኖ ተገኘ።

«ለቅሶ ላይ እንደምናደርገው?» አለች ዓሣ ሻጯ።

«ልክ እንደዚያው።»

«ፈረንጅም ደረቱን ይደቃል!» ብላ እስከ ማታ ስትገረም ዋለች።

አጀማመሩ ስለተመሳሰለ ብቻ ሁሉም ዘመድ እንዳይመስለን ያስጠነቅቁን ነበር። «ኮሜት ለምሳሌ ከግሪክ ነው። ጸጉር ከሚል የመጣ ነው፤ ጸጉራም ኮከብ ማለት ነው።»

«እኛ ጅራታም ኮከብ ነው የምንለው» አልኩ።

«አዎ። እነሱ ጸጉር ታያቸው፣ እኛ ጅራት ታየን። ኮከቡ ያው ነው።»

ኮምሬድ የሚለው ቃል ላይ ሲደርሱ ግን ጣታቸውን ቃሉ ላይ አሳረፉ። «ጓድ» አሉ። «ልጅ ሆኜ ይህ ቃል በራዲዮ ሲጠራ አባቴ ድምፁን ይቀንሱት ነበር። ሥሩን ያወቅሁት አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ ነው። ይሄም ኮም የአብሮ ኮም አይደለም። ካሜራ ከሚል ነው የመጣው።»

«ፎቶ ማንሻው?»

«ፎቶ ማንሻውም ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። ካሜራ ክፍል ማለት ነበር። ኮምሬድ፣ አንድ ክፍል ውስጥ አብሮ የሚያድር።»

ሁላችንም ዞር ዞር ብለን አየን። ፍራሾቹ ጎን ለጎን ተነካክተው፣ የአንዷ እግር የሌላዋ ራስ አጠገብ ነው። ከበሩ በኩል ያለችው ሴት «እንግዲያው እኛው ነን» ስትል ሳቁ ፈነዳ።

ችግር ያመጣብን ኮሚቴ የሚለው ቃል ነው። ይህን ቃል የማያውቅ አልነበረም፤ የዕድር ኮሚቴ አለ፣ የውኃ ኮሚቴ አለ። ቲቸር ግን ቃሉ መጀመሪያ የብዙ ሰዎች ስብስብ እንዳልነበረ ነገሩን። «አንድ ሰው ነበር። አደራ የተሰጠው ሰው። ባለአደራ።» ዓሣ ሻጯ ማንበብ ስለማትችል ቃሉን የምትይዘው ጮክ ብላ ደጋግማ ነው። «ኮሚቴ፣ ባለአደራ!» አለች። እኛም እንደ አንደኛ ክፍል ልጆች ተቀበልናት። በሩ ውጪ ተረኛ ጠባቂ እያለፈ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት እኔን ጠሩኝ። መርማሪው ፊት፣ ጠረጴዛው ላይ የቆሎ ወረቀቶቻችን ተዘርግተዋል። ለካ እኔን ደጅ ሲያስጠብቁኝ ክፍሉን ፈትሸው ወረቀቶቹን አስቀድመው አድርሰውለታል። ሰውየው ጉንፋን ይዞታል፤ ደጋግሞ ያስላል።

«ሊቀመንበሯ ማናት?» አለኝ።

«የምኑ?»

«የኮሚቴው። ትናንት ስታቋቁሙ ተሰምታችኋል።»

ሳቄ መጣ። ፊቱን ሳይ ግን ሳቄ እዚያው ቀረ።

«እሱ እኮ የእንግሊዝኛ ትምህርት ነው» አልኩት። «ቃሉን ነው የተማርነው።»

«ከቃል ሁሉ ኮሚቴን?»

«ወረቀቱ ላይ ያለው እሱ ስለሆነ ነው። ቆሎ ሻጯ ሌላ ገጽ ብትገነጥል ኖሮ ሌላ እንማር ነበር።»

ወንበሩን ደገፍ አለና አንድ ወረቀት ወደ እኔ ገፋ። «እናትሽ በር ላይ ናቸው። እዚህ ላይ ፈርሚና አብረሻቸው ሄደሽ ምሳሽን ብዪ።»

እናቴ እንዴት እንደቆመች ሳላያት አውቀዋለሁ። ምሳ ዕቃውን በጨርቅ ቋጥራ ደረቷ ላይ ይዛ፣ ጥላ እያለ ፀሐይ ላይ ነው የምትቆመው፤ ጥላው ውስጥ ከቆመች በሩ ሲከፈት የማያት አይመስላትም። እስክሪብቶውን አነሳሁት። ከዚያ ወረቀቱን አነበብኩ። እሥረኞችን አደራጅታ ኮሚቴ አቋቁማለች ይላል። ከዚያ በፊት የተጻፈው ስም ለእኔ እንግዳ ነበር። የቲቸርን ሙሉ ስም፣ ከነአያታቸው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው። ስማቸውን ሁለት ጊዜ አነበብኩትና እስክሪብቶውን መልሼ አስቀመጥኩ።

«ይህ አልሆነም» አልኩት። «ያልሆነ ነገር ላይ አልፈርምም።»

«አስቢበት።»

«አስቤበታለሁ።»

አሳለው። ከአፉ ላይ መሐረቡን ሳያነሳ በእጁ ውጪ አለኝ። እናቴን በዚያ ቀን ከነምግቧ መለሷት፤ በሚቀጥሉት ቀናትም እንደዚያው።

ክፍል ተመልሼ የሆነውን ነገርኳቸው። ቲቸር «እናትሽ ምን ይዘው ነበር?» ብለው ጠየቁኝ።

«እንጃ። ሽሮ ይሆናል።»

እጄን ያዙና እዚያው እጃቸው ውስጥ አቆዩት። በዚያን ቀን ለዓሣ ሻጯ ከቤቷ ቆጮና ዓሣ መጥቶላት ነበር። ሳህኑን ወደ መሃል ሳበችው። የኔን ድርሻ፣ ለሕፃን እንደሚደረገው፣ አጥንቱን እየለቀመች በፊቴ አስቀመጠችልኝ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ቲቸርን ወደ ሌላ ቦታ ሊወስዷቸው መጡ። በሩን የከፈተችው አይተናት የማናውቅ ወጣት ፖሊስ ነበረች።

«አንቺ፣ ዕቃሽን ያዢና ውጪ!»

ቲቸር ጫማቸውን ፈለጉ። እግራቸው አብጦ አልገባላቸው አለ።

«ፍጠኚ እንጂ!»

ዓሣ ሻጯ ተነሳች። ሄዳ በሁለቱ መሃል ቆመች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«እናትሽ ይሆናሉ» አለቻት። «'ይውጡ' በይ።»

የፖሊሷ እጅ ወደ ዱላዋ ሄደ። እኔ ምቱ እስኪያርፍ ድረስ ትከሻዬን ሰብስቤ ጠበቅሁ። ዓሣ ሻጯ ከቆመችበት ንቅንቅ አላለችም። ከኋላዋ ቲቸር የጫማቸውን ተረከዝ ረግጠው አጥፈው እግራቸውን እንደምንም አስገቡ። ልጅቷ ዓይኗን ዝቅ ስታደርግ ያንን ያበጠ እግር አየችው። እጇ ከዱላው ላይ ተነሳ።

«ይውጡ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። በሩን በደንብ ከፈት አድርጋ ያዘችላቸውና ጥቂት ቆይታ ጨመረችበት። «ቀስ ብለው።»

እኔ ያለ ክስ ተለቀቅሁ። ዓሣ ሻጯ ከእኔ በኋላ ወጣች፤ ወንድሟም ውሎ አድሮ ወደ ቤቱ ተመልሷል። ቲቸር ላይ ፍርድ ቤቱ ማስረጃ የለም እስኪል ብዙ ቆይቷል። አሁን ባህል አዳራሽ አካባቢ ከእህታቸው ጋር ይኖራሉ። የእግራቸውን መድኃኒት እኔ ነኝ የምወስድላቸው።

ሰዎች ስለ እሥር ሲጠይቁኝ የሚጠብቁት ሌላ ዓይነት ወሬ ነው። እሱም ነበር፤ አልረሳሁትም። ሳላስበው መድኃኒት እየቆጠርኩ የሚመጣብኝ ግን ያ ከሰዓት በኋላ ነው። ሁላችንም ወደ አንድ ቁራጭ ወረቀት አጎንብሰን፣ ቲቸር «እስቲ ገምቱ» ሲሉ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሥልጠና ወስጃለሁ፣ ጥሩ አዳራሽ ውስጥም ተቀምጫለሁ። እንደዚያ የተማርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። እዚያ ግቢ በር አጠገብ ላለማለፍ እስካሁን መንገድ እቀይራለሁ፤ ያም ሆኖ ያ ክፍል ይናፍቀኛል። ሁለቱ ነገር እንዴት አብሮ እንደሚኖር ለማስረዳት ሞክሬ አልተሳካልኝም፤ አሁን መሞከሩን ትቻለሁ።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ፣ ዓሣ ሻጯ ዕቃዋን ከሰበሰበች በኋላ ቲቸርን በባጃጅ አምጥቼ ሦስታችን ሐይቁ ዳር እንቀመጣለን። ስለዚያ ጊዜ አናወራም። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ዓሣ ዋጋ፣ ስለ ቲቸር እግር ነው የምናወራው። አንዳንዴ ያንንም ሳናወራ ውኃውን እያየን እንቆያለን። ፀሐይዋ ትገባለች፣ ጀልባዎቹ ይታሰራሉ፣ ሰዉም አንድ በአንድ ወደየቤቱ ይሄዳል። ተነሱ የሚለን የለም። ሲበርደን እንነሳለን።