ያልሞቱ ሰዎች ጡሩምባ

አስር አለቃ በላይነህ አንድ ማለዳ አምላኩን ቀበረ። ቆይ፣ አትፍረዱበት! ሰውየው ክፉ ሆኖ ሳይሆን ደክሞት ነው።

ደርግ ወድቆ ጦሩ ሲበተን ነገሌ ቦረና ላይ የቀረ የጦሩ ጡሩምባ ነፊ ነበር። አገሩ ጎጃም ቢሆንም ሚስቱ ስንቄ የዚያው የሊበን ወረዳ ልጅ ናትና የትም አልሄደም። የሰፈሩ እድር ጡሩምባ እንጂ ነፊ አልነበረውም፤ እሱ ደግሞ ሙያ እንጂ ሥራ አልነበረውም፤ ተገናኙ። ከዚያ ወዲያ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ጎህ ሲቀድ በየመንደሩ እየዞረ «እድርተኞች! አቶ እገሌ ስላረፉ ቀብራቸው ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው!» ሲል ኖረ።

የዛሬ ሦስት ዓመት ስንቄ ስትሞትም ጡሩምባውን ለሌላ አልሰጥም ብሎ ራሱ ነፋላት። ስሟን ጠራ፣ ሰዓቱን ተናገረ፣ ድምፁም አልተሰበረም። ሰው «ወንድ ማለት እንዲህ ነው» አለ። ሰው ምን የማይለው አለ! ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እንባ ከዓይኑ፣ ጣዕም ከአፉ ጠፋ። ሰዓት ሲደርስ ይበላል፣ ሰዓት ሲደርስ ይተኛል፣ ሲነሳ ከመተኛቱ በፊት ከነበረው ይበልጥ ደክሞት ነው።

በዚያች ማለዳ ለጸሎት ቆመና «አባታችን ሆይ» አለ። አፉ የለመደውን ቀጠለ፦ «ስላረፉ ቀብራቸው ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው!»

ክው አለ። አማተበና እንደገና ጀመረ፤ እንደገና ቀበረ። በሦስተኛው የድንኳን ተካዮቹን ተራ ጨመረበት።

ጫማውን በቅጡ ሳያጠልቅ ወደ ነፍስ አባቱ ወደ መምሬ ልዑልቃል ሮጠ። «አባ፣ አምላኬን ገደልኩት። ከእንግዲህ መጸለይ አልችልም፤ ካልጸለይኩ ደግሞ ምን ቀረኝ?»

እንደ ሌላው ቄስ ስግደት አዘውለት ቢገላገሉ ምን ነበረበት! መምሬ ግን፣ «ስግደት ለበረታ ሰው ነው። አንተ ደክመሃል፤ አፍህም ሞትን ብቻ ለምዷል። ሰባት ቀን ጡሩምባህን ይዘህ ውጣ፤ በየቀኑ አንድ ያልሞተ ሰው አውጅ። ንስሐህ ይኸው ነው» አሉት።

«ያልሞተ?»

«ያልሞተ። በል ሂድ።»

ወታደር ትእዛዝ አይመረምርም። በማግስቱ ጡሩምባው ሲነፋ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን እየጎተቱ ወጡ።

«እድርተኞች! ወይዘሮ ፍሬሰንበት አልሞቱም! ቀብር የለም!»

ወይዘሮ ፍሬሰንበት እዚያው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመው ነበርና «በስመ አብ!» አሉ። አንዲት ጎረቤት ለዘመዶቻቸው ቡሌ ሆራ ደውላ ገና «ጡሩምባው ስማቸውን ጠራ» እንዳለች ስልኩ ተቋረጠ። በማግስቱ ሦስት ሴቶች ደረታቸውን እየደቁ ከአውቶቡስ ወረዱ፤ ወይዘሮዋን ልብስ ሲያጥቡ አገኟቸው። «ይህን ሁሉ መንገድ መጥተንማ ሳናለቅስ አንመለስም» ብለው ተቀምጠው አለቀሱላቸው። ሟችም አብረው አለቀሱ፤ ሲጨርሱ ሁሉንም ቀለላቸው።

በሦስተኛው ቀን ስም ለማስጠራት ወረፋ ተጀመረ። አረሮ የሚባሉ ሽማግሌ ከሊበን በጭነት መኪና መጡ። «አካም? ናጋ? እኔ እድር የለኝም። ግን ሰው አረሮ ሞቷል ይላል፤ አጥብቀህ ንፋ!» ተነፋላቸው። ባለሱቋ ጠይባ ደግሞ «አስር አለቃ፣ እኛ እስላሞቹ በሕይወት የለንም እንዴ?» ብላ ተቆጣች፤ አምስተኛው ቀን የእሷ ሆነ። ያልተጠሩት አኮረፉ። አንዱን ባል ሚስቱ «ስምህ እስኪጠራ ድረስ እጠራጠራለሁ» አለችው።

ከተማው እንዲህ ሲሞቅ በላይነህ ምንም አልተሰማውም። በየቀኑ ጸሎቱን ይሞክራል፣ በየቀኑ ይቀብራል።

በሰባተኛው ቀን «የዛሬውስ ማን ነው አባ?» ቢላቸው፣ መምሬ «ከደጅህ ቆመህ ንፋ፤ ታገኘዋለህ» አሉትና አብረውት መጡ። ነፋ። ስሜ ይጠራል ብሎ ተስፋ ያደረገው ሁሉ ግልብጥ ብሎ ወጣ።

«እድርተኞች!» አለ። የቆመበትን ደጅ ዞሮ ቢያይ የራሱ ነው፤ ከራሱ በቀር የሚጠራ የለም። «አስር አለቃ በላይነህ…» አለና የሚቀጥለው ቃል አልወጣ አለው። ሕዝቡ ጠበቀ፣ ጠበቀ። አንዲት ሴትዮ ልትረዳው ብላ «አረፉ?» አለች።

«ምን አረፉ ትያለሽ!» አለች ጠይባ፣ ሰዉን እየገፋች መጥታ። «በላይነህ ጂራ! አለ! አልሞተም!»

«ጂራ!» አሉ ወረፋ ሊይዙ የመጡት የሊበን ሰዎች። «አለ!» አለ የቀረው ሕዝብ።

ያኔ ጡሩምባው ከእጁ ወደቀ። ለስንቄ ያላለቀሰውን ሁሉ አንድ ላይ አለቀሰው፤ በሕዝብ መሀል እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ፤ አላፈረም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የመጡት ሴቶች አገዙት። መምሬ መስቀላቸውን ግንባሩ ላይ አሳርፈው «እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉት።

ሰዉ ሲበተን ገብቶ ለጸሎት ቆመ። «አባታችን ሆይ» አለና ፈርቶ ዝም አለ። አፉም ዝም ብሎ ጠበቀው። ቀስ እያለ ቀጠለ፤ ማንንም አልቀበረም። የሚሰማው እንዳለም ታወቀው፤ ልክ ከፊቱ የቆመ ያህል። የዕለት እንጀራችንን የሚለው ላይ ሲደርስ ሆዱ ጮኸ። ከሦስት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ራበው።

«አባቴ» አለ ወደ በሩ እየተንደረደረ፣ «በልቼ ልምጣ፤ ጠብቀኝ!»