ለስኳር ታማሚ የመጣ ጭማቂ

ባልደረባዬ መምህርት ትርፊት ስድስተኛ ክፍል ሳይንስ እያስተማረች ሳለ፣ ራሷ ሰሌዳ ላይ የጻፈችው ፊደል ደበዘዘባት። ከዚያ በፊት ሁለት ወር ያህል ውኃ ጥም አላስቀምጥ ብሏት፣ በየክፍለ ጊዜው መሀል ወደ መጸዳጃ ቤት ስትሮጥ ከርማለች። እኛ ድካም ነው አልናት። ሆሳዕና ከተማ አንድ ክሊኒክ ሄዳ ስትመረመር በባዶ ሆዷ የተለካው ስኳሯ ሁለት መቶ ሰማንያ ሆነ። ገና አርባ አንድ ዓመቷ ነው።

«ስኳር የሀብታም በሽታ አይደለም እንዴ?» አለቻት ነርሷን፣ ውቢትን። «በመምህር ደመወዝ ከየት መጣብኝ?»

«በቀን ስንት ሻይ ትጠጫለሽ?»

«አራት። በየብርጭቆው ሦስት ማንኪያ ስኳር።»

«ለስላሳስ?»

«ከምሳ ጋር አንድ።»

ውቢት አልሳቀችም። «አባትሽም ነበረባቸው ብለሽኛል። ዘር አለበት፤ ዘሩን ያበቀለው ግን ይሄ ነው። ለስላሳውን ተዪ፣ ነጭ ዳቦውን ቀንሺ፣ ጎመንና ባቄላ አብዢ። ቆጮም ቢሆን በልክ። ደግሞ በእግርሽ ሂጂ።»

ትርፊት ያደገችው ጊምቢቹ አጠገብ፣ ጎመንና ባቄላ እየበላች፣ ትምህርት ቤት በእግሯ እየተመላለሰች ነው። ዲፕሎማዋን ይዛ ከተማ ስትገባ ግን በዚያ ምግብ አፈረች። ምሳ ዕቃዋ ውስጥ ማካሮኒና ነጭ ዳቦ ገባ፣ ወደ ሥራ የሚወስደው የሩብ ሰዓት መንገድም በባጃጅ ሆነ። ጎመን ይዛ ብትመጣ ደግሞ እኛው ነበርን የምንስቅባት።

መታመሟ እንደተሰማ ቤቷ በጠያቂ ሞላ። ባዶ እጁን የመጣ የለም፦ ለስላሳ፣ ብስኩት፣ የታሸገ ጭማቂ። ዳይሬክተራችን አቶ ወልደሰንበት በመምህራኑ ስም አራት የማንጎ ጭማቂ አልጋዋ አጠገብ ሲደረድሩ ትርፊት ቀና አለች።

«ጋሼ፣ ይሄን ያመጡት ለእኔ ነው ለበሽታዬ?»

«ምነው ልጄ፣ በባዶ እጅ በሽተኛ ይጠየቃል?»

እኔ አንገቴን ደፋሁ። ጭማቂውን የመረጥኩት እኔ ነበርኩ።

ወር ሳይሞላ አንድ መሥሪያ ቤት ስለ ስኳር በሽታ መከላከል ሥልጠና ሊሰጠን ወደ ትምህርት ቤታችን መጣ። አሠልጣኙ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጥሩ አድርጎ አስተማረን። ከዚያ የሻይ ሰዓት ተባለና ነጭ ዳቦ፣ ለስላሳና በማንቆርቆሪያ የተዘጋጀ ሻይ ቀረበ።

«ስኳር የሌለው ሻይ አለ?» አለች ትርፊት አስተናጋጇን፣ ሐዳሳን።

«ቀድሞ ገብቶበታል፣ ቲቸር።»

«ውኃስ?»

«ውኃ አልታዘዘም።»

ትርፊት ብርጭቆውን አስቀምጣ ብድግ አለች።

«ሁለት ሰዓት ሙሉ ስኳር ዓይን ያጠፋል፣ እግር ያስቆርጣል ስትሉን ቆያችሁ። አሁን ደግሞ ታጠጡናላችሁ! እዚህ ካለነው ውስጥ ሳያውቀው የያዘው ስንት ነው? እኔ የራሴን ጥፋት አምኛለሁ። የእናንተስ? አንድ ብርጭቆ ውኃ በሌለበት አዳራሽ ሰብስባችሁን ተጠንቀቁ ትሉናላችሁ!»

«እህቴ፣ ልማድ ነው እኮ፣» አለ አሠልጣኙ።

«ልማዱን እኮ ነው ልታስተዉን የመጣችሁት!»

አንዳንዱ ዳቦውን እንደያዘ ቀረ። አሠልጣኙ ወደ ማስታወሻው ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር ጻፈ፤ ምን እንደጻፈ እግዜር ይወቀው፣ ከሰዓት በኋላም ያው ማንቆርቆሪያ ተመልሶ መምጣቱን የቀሩት ነግረውኛል። ትርፊት ያኔውኑ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች፤ እኔም ተከትያት ወጣሁ።

ዛሬ የመምህራን ክበባችን ሻዩን ያለ ስኳር ያፈላል፤ የፈለገ ራሱ ይጨምራል። የትርፊት ስኳር በመድኃኒት፣ በጎመንና በእግር መንገድ ወደ መቶ ሠላሳ ወርዷል። ንዴቷ ግን አልወረደም። የትምህርት ቤቱ በር ላይ ያለው ሱቅ ቁርስ ላልበሉ ልጆች ጠዋት በሁለት ሰዓት ለስላሳ ይሸጣል። ሱቁ ይነሣ ብላ ለወላጆች ኮሚቴ ሁለት ጊዜ አመለከተች፤ ሁለቱንም ጊዜ «ይታያል» አሏት።

«እስኪታመሙ ነው የሚታየው?» አለችኝ።

ሦስተኛውን ማመልከቻ አብረን ጻፍን። አሥራ አንድ መምህራን ፈረምንበት። ሰኞ ገብቷል፤ እስካሁን መልስ የለም።