ሁለት ግማሽ ጣሳ ባሩድ

ባለቤቴ ሁለት ግማሽ ነገር ጎን ለጎን ቆሞ ማየት አትችልም። ሁለት ግማሽ ጠርሙስ ዘይት ካለ አንዱ በአንዱ ላይ ይገለበጣል። ሁለት ግማሽ ከረጢት በርበሬ ካለም እንደዚያው፤ አንዱ እህቷ ከአገር ቤት የላከችው፣ ሌላው ከሱቅ የተገዛ መሆኑ ግድ አይሰጣትም። ባዶ የቀረው ዕቃ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ሌላ ነገር ይገባበታል። በዚህ ተጣልተን አናውቅም፤ እንዲያውም በሰው ፊት «የእኔ ሚስት ምንም አታባክንም» እያልኩ እኮራባታለሁ። ያን ቅዳሜ ጠዋት ግን ሻይ ላፈላ ወጥ ቤት ገብቼ፣ ከዕቃ ማጠቢያው አጠገብ ፎጣ ላይ ታጥቦ የተደፋ የባሩድ ጣሳ ሳይ ሻዩን ረሳሁት።

ባሩድ ቤታችሁ ምን ይሠራል ለሚለኝ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ዩለስ ወደምትባለው የቴክሳስ ከተማ ስንገባ ከጎናችን አንድ የአገሩ ሽማግሌ ይኖር ነበር። በካውቦይ ዘመን አሠራር የተሠራ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ነበረው፤ የሱን ጥይት ከሱቅ አይገዛም፣ ራሱ ጋራዡ ውስጥ ቁጭ ብሎ በጥቁር ባሩድ ይሞላል። ልጄ ገና ጎረምሳ ሳለ ከሱ ጋራዥ አይጠፋም ነበር፤ እኔም ልጄን ልጠራ እየሄድኩ እዚያው እቀራለሁ። ሽማግሌው ሴት ልጁ ዘንድ ሊኖር ከተማውን ሲለቅ ሽጉጡን ከነመሣሪያው ለልጄ ሰጠው።

ያለን ልጅ እሱ ብቻ ነው። እዚሁ አሜሪካ ተወልዶ፣ እዚሁ አድጎ፣ አሁን ፋርመርስ ብራንች በምትባል ቅርብ ከተማ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። እኔ በኤርፖርቱና በሆቴሎቹ መካከል ሻትል እነዳለሁ። የሱ አማርኛ «በላሁ፣ ደከመኝ» ላይ ያልቃል፤ የእኔ እንግሊዝኛ ደግሞ ሻንጣና ተርሚናል ላይ። ማዕድ ላይ ስንቀመጥ እናቱ ካላወራች ማንኪያው ብቻ ነው የሚሰማው። ጋራዡ ውስጥ ግን ወሬ አያስፈልግም። ጥቁር ባሩድ ሲተኮስ እንደ ድስት ጥላሸት ያቆሽሻል፣ የተበላሸ እንቁላልም ይሸታል፤ ስለዚህ የተተኮሰውን ቀለህ በሳሙና ውኃ እናጥባለን። ሲደርቅ እሱ ባሩዱን ይሰፍራል፣ እኔ የጥይቱን እርሳስ ከላዩ አስቀምጬ በእጅ መጫኛው እጫነዋለሁ። በዓመት ውስጥ ከልጄ ጋር ትከሻ ለትከሻ የምቀመጠው እዚያ ብቻ ነበር። ስለዚህ ባሩዱን እወደው ነበር፣ እውነቱን ለመናገር።

ሽማግሌው ያስተማረን ዋናው ነገር አንድ ነው። ጥቁር ባሩድ ቀለሁ ውስጥ የአየር ቦታ እንዲቀርለት አይፈልግም፤ እርሳሱ እስኪነካው ድረስ ሞልተህ ትጠቀጥቀዋለህ። የዘመኑ ጭስ አልባ ባሩድ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ለዚያው ቀለህ ቁንጣሪ ይበቃዋል፤ እንደ ጥቁሩ ከሞላኸው ሽጉጡ እጅህ ላይ ይፈነዳል፣ ብረቱም ወደ ፊትህ ይበተናል። ሽማግሌው ለሌላ ጠመንጃው ይጠቀምበት የነበረውን ጭስ አልባ ባሩድም ትቶልን ሄዶ ነበር። ሁለቱ ጣሳዎች ጋራዡ መደርደሪያ ላይ ተራርቀው ተቀምጠዋል። ባለቤቴ አንድ ቀን አንዱን አንስታ «ይሄ ምንድነው?» አለችኝ። «ባሩድ» አልኳት። «ይሄኛውስ?» «እሱም ባሩድ።» አማርኛው ለሁለቱም አንድ ስም ነው ያለው፣ ምን ልበላት!

በዚያ ሳምንት እንግዳ ይመጣል ተብሎ ቤቱን ከነጋራዡ አጸዳችው። አርብ ከሥራ ስንመለስ እኔና ልጄ እንደ ልማዳችን ተቀመጥን፤ እሱ ሰፈረ፣ እኔ ጫንኩ። እኔ ጋ ሲደርስ ቀለሁ ተሞልቷል፣ የሚታየኝ እርሳሱ ብቻ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ወገቤ ስላመመኝ አብሬው መሄድ አልቻልኩም። «ኦኬ አባ፣ ከጓደኞቼ ጋር እሄዳለሁ» ብሎ፣ የሱ መኪና ለጥገና ስለገባች የእኔን ይዞ ወጣ። የሚሄዱት ከፎርት ወርዝ ከተማ ወዲያ፣ የአንዱ ጓደኛው አያት መሬት ላይ ነው። እናቱ በራሷ መኪና ሆስፒታል ሥራ ገብታለች። እኔ ሻይ ላፈላ ወጥ ቤት ገባሁ።

ጣሳውን አነሳሁት፤ የጭስ አልባው ነው። ወደ ጋራዥ ሮጥኩ። የጥቁሩን ጣሳ ስከፍት እስከ አፉ ሊደርስ ምንም አልቀረውም፤ ትናንት ያን ሁሉ ጥይት ሞልተንበት! ወረቀት ላይ ልገለብጥ ስቸኩል ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ወደ መስኮቱ ብርሃን ጎትቼ አየሁት። ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ፈዛዛ እንደ ከሰል፣ ሌላው የሚያብረቀርቅ።

ደወልኩለት። አያነሳም። እንደገና ደወልኩ። ሲተኩሱ ጆሯቸውን እንደሚደፍኑ አውቃለሁ፤ ስለዚህ የማያነሳው እየተኮሰ ስለሆነ ነው ብዬ አሰብኩ፣ ያን ሳስብ ደግሞ መልሼ መላልሼ ደወልኩ። እናቱ ጋ ደወልኩ፤ ሥራ ላይ ስልኳ ሎከር ውስጥ ነው። ፖሊስ ብጠራ የትኛው ሜዳ ልበላቸው? ቴክስት ላድርግለት ብዬ መነጽሬን ፈለግኩ፣ አጣሁት። በደበዘዘው ስክሪን ላይ «አትተኩስ» ብዬ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍኩና ላክሁ። ደጋግሜ ላክሁ። ቀኑን ሙሉ ከተሳፋሪ ጋር እንግሊዝኛ የማወራ ሰውዬ በእንግሊዝኛ መጻፍ ትዝም አላለኝም። ሰው ሲጨንቀው የሚጮኸው በእናቱ ቋንቋ ነው።

ከዚያ በኋላ ቁጭ ማለት አልቻልኩም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ጥዬ፣ የጋራዡን በር ከፍቼ እንደተውኩ፣ በቤት ነጠላ ጫማ ወደ መንገዱ ወጣሁ። መኪና ለምኜ ልከተለው ነበር ሐሳቤ። መኪናውን ባገኝስ ወዴት ልነዳ? ግን እግሬ አልቆም አለኝ። የመጀመሪያው ቤት ማንም አልከፈተም። በሁለተኛው፣ በሩ ላይ ካለው ካሜራ የሴት ድምፅ «ምንም አንገዛም» አለኝ። «ልጄ! ልጄ!» አልኩ ለካሜራው። የካሜራው መብራት ጠፋ። ከመንገዱ ማዶ ሣር የሚያጭደው ሰውዬ የማጨጃውን ሞተር ሲያጠፋ ደርሼ መኪና ለመንኩት፤ ከንግግሬ ምን እንደገባው እንጃ፣ «ሶሪ» ብሎኝ ሄደ። መታጠፊያውን አልፌ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩና እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እመቤቴ ሆይ፣ እጁን ብቻ፣ አልኩ። ትንሽ ቆየሁና፣ ዓይኑንም፣ አልኩ። መለማመኑ ራሱ አሳፈረኝ። ሙሉውን ልጄን መለመን ፈርቼ በቁራጭ መለመኔ!

ምን ያህል እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ስነሳ፣ ጎረቤት እንዳያየኝ ብዬ በጓሮ በኩል ዞሬ ወደ ጋራዡ የሚያስገባውን የጎን በር ከፈትኩ።

ልጄ ውስጥ ቆሟል። መኪናዬ በፊት ለፊት እንደ ነገሩ ተጥላለች፣ በሯም አልተዘጋም። በሁለት እጁ ሽጉጡን ወደ እኔ አነጣጥሯል፤ ከኋላ ያለው መምቻ ተስቧል። ፊቱ አመድ መስሏል። እኔ ከብርሃን ስለገባሁ የሚታየው ጥላዬ ብቻ ነበር።

አፈሙዙ ደረቴን እያየኝ እኔ ያየሁት አፈሙዙን አይደለም። ጥይቶቹን የጎረሰውን ተሽከርካሪ ማጉረሻ ነው ያየሁት፤ ከፊቱ ጋር ያለውን ቅርበት። እኔን ይምታኝ፣ እሱ ግን ምላጩን ከሳበ ያ ብረት ዓይኑ ውስጥ ይገባል።

«አትተኩስ!» ብዬ ጮህኩ።

አልገባውም። ዓይኑን አርገበገበ፣ ሽጉጡ ግን እንዳለ ነው። «አትተኩስ፣ ልጄ! አትተኩስ!» ቃሉ አልገባውም፤ ድምፄን ግን ለየው። «አባ?» አለ። አፈሙዙን ወደ ሲሚንቶው አወረደና መምቻውን በአውራ ጣቱ ይዞ ቀስ አድርጎ መመለስ ጀመረ። ጣቱ በላብ ርሷል። አንድ ጊዜ ሲያዳልጠው አየሁ፤ ያዘው። መምቻው ቦታው ሲገባ እኔ ግድግዳውን ይዤ ነበር።

«ማነው የመጣው? ማሚ የት ናት?» ይላል ልጄ፣ አብዛኛውን በእንግሊዝኛ። «ፎኑን ለምን አታነሳም? ኮል አደረግኩ፣ ኮል አደረግኩ! በሩ ክፍት፣ ፓውደሩ ፈስሶ! በበሩ የሚገባውን ልገድለው ነበር፣ አባ!» ፖሊስ ለምን አልጠራህም ስለው፣ «አንተን ሌባ መስለሃቸው እንዳይመቱህ» አለኝ።

ስልኩን አወጣና አሳየኝ። መነጽሬ ስለሌለ ራሱ አነበበልኝ። «አታክ አስ። አታክ አስ። አታክ አስ።» አጥቁን እንደማለት ነው። የጻፍኩትን አማርኛ ስልኩ ስህተት ነው ብሎ በራሱ እንግሊዝኛ አርሞት ነበር፤ ሌላ ጊዜ መነጽሬን አድርጌ ስለምጽፍ መልሼ አስተካክለዋለሁ። ልጄ ሰው ቤታችን ገብቶ እያጠቃን መስሎት እስከ ዩለስ ድረስ በሮ መጥቷል።

«ሶ፣ ምን ልትል ነበር?» አለኝ።

«አትተኩስ።»

«እሱ ምን ማለት ነው?»

«ዶንት ሹት» አልኩት። የባሩዱን ነገር ነገርኩት፤ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ወስጄ ሁለቱን ዓይነት አሳየሁት። ሽጉጡን በቀስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ሜዳው ላይ ስድስቱንም አጉርሶ፣ ጆሮውን ደፍኖ፣ መምቻውን ስቦ ጣሳ ላይ እያነጣጠረ ሳለ ነበር ስልኩ ኪሱ ውስጥ የነዘረው።

«የኔን አማርኛ እንዴት ነው የምታነበው?» አልኩት።

ከወለሉ ባዶ ቀለህ አንስቶ በጣቱ አሽከረከረው። «አላነበውም፣ አባ» አለ በመጨረሻ። «ማለቴ፣ አይገባኝም። እንዳይከፋህ ዝም ብዬ ‹ኦኬ› እልሃለሁ።»

ስልኬን ከጠረጴዛው አንስቼ፣ ክንዴን ዘርግቼ ዓይኔን አጥብቤ ወደ ቀድሞዎቹ መልእክቶቼ ገፋሁት። ጾም መግባቱን የነገርኩት፤ መልሱ ኦኬ። እናቱን ስላመማት እንዲደውልላት የለመንኩት፤ ኦኬ። በልደቱ ቀን፣ ካንተ በቀር ምን አለኝ ብዬ የጻፍኩት፤ ኦኬ። ስልኩ ቃሌን ባያበላሽብኝ ኖሮ ያን ቀን ጠዋትም ኦኬ ይለኝና ምላጩን ይስብ ነበር።