የተወቀጠው ቅጠል

አጎቴ ቅጠሉን ወቅጦ ነው የሰጠኝ። ሙሉ ቅጠል ለሴት አይታይማ! ሴት ምስጢሩን ይዛ ባዳ ቤት ትገባለች፤ ስለዚህ የአባትን መድኃኒት የሚወርሰው የበኩር ወንድ ልጅ ብቻ ነው። የአጎቴ በኩር ግን አዲስ አበባ ስልክ ይጠግናል፤ ቅጠል የሚባል ነገር ሲነሳበት ያዛጋል። እኔ፣ ፍኖተ ሰላም ኬሚስትሪ የማስተምረው የእህቱ ልጅ፣ ለማስተርስ ጥናቴ ስል ደጅ ጠናሁት። ከቡሬ ወዲያ ያለው ገጠር ሁሉ አልድን ያለ ቁስል ሲገጥመው የሚመጣው እሱ ዘንድ ነው። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ጽሑፍ ላይ ግን አይገባውም።

«እንቺ፤ ስሙን ግን አትጠይቂኝ። ስሙ ከተጠራ መድኃኒቱ ይረክሳል» ብሎ አረንጓዴ ዱቄት በፌስታል ሰጠኝ።

ባሕር ዳር ያለው አማካሪዬ ቅጠሉን ሳናይ አይሆንም ማለት ነበረበት። እሱ ግን «የአባቶች ጥበብ» ሲባል ልቡ የሚቀልጥ ሰው ነው፤ ከአባቶቹ ጋር ኖሮ አያውቅማ። ዱቄቱን አልኮል ውስጥ ዘፈዘፍኩት፣ አጠለልኩት። አልኮሉን አትንኜ የቀረውን ጥቁር ዝልግልግ ነገር ሲሊካ በሚባል፣ ቅልቅሉን በሚለያይ ነጭ ዱቄት በተሞላ የመስታወት ቱቦ አሳለፍኩት። ከሥር የሚንጠባጠበውን በየብልቃጡ ስለይ ክረምቱ አለቀ። በመጨረሻ እንደ ስኳር የሚያብረቀርቅ ነጭ ነገር ቀረልኝ። በሕይወቴ እንዲህ የጠራ ነገር ሠርቼ አላውቅም። ደስ ብሎኝ ለአጎቴ ደወልኩለት። «ጎሽ» አለ ብቻ።

ከዚያ ለማነጻጸር ያህል የጓሮ ቅጠሎችን እንደዚያው ጨምቄ፣ ሲሊካ በተቀባ ሰሌዳ ላይ ከእኔው ጎን አንዳንድ ጠብታ አድርጌ፣ ፈሳሽ ወደ ላይ ሲስባቸው የት እንደሚቆሙ ፈተሽኩ። የአንደኛው ነጠብጣብ ከእኔው ጋር በቀለምም በከፍታም አንድ ሆነ። ደገምኩት፤ ያው ነው። ግራዋ! የጠላ ጋን የሚታጠብበት ግራዋ! ሽታው እንዳያስነቃ ጤና አዳም ቀላቅሎበታል። ክረምቱን ሙሉ የጋን ማጠቢያ ሳጠራ ከርሜያለሁ። ተናደድኩ፤ ሁለተኛ ያን ደጅ አልረግጥም አልኩ።

የረገጥኩት ሚስቱ እያለቀሰች ስለደወለችልኝ ነው። ያ የሌላውን ሰው ቁስል የሚያደርቀው ሰው፣ እግሩ አብጦና ቆስሎ መደብ ላይ ተኝቷል። ሆስፒታል ስንለው «ስንቱን ያዳንኩ ሰው ተጋድሜ መሳቂያ ልሁን?» ይላል። እውነተኛውን ቅጠል ራሱ እንዳይቆርጥ መቆም አይችልም። ሰው እንዳይልክ ደግሞ ስሙን አይናገርም። እንዲህ ያለ ኩራት ለጠላትም አይስጠው።

«ያ አጠራሁት ያልሽኝ ነገር አለ? እስቲ አምጪልኝ» አለኝ።

ምስጢሩን ለጠየቀው ሁሉ የሚሰጠው ያንኑ ነውና ለእኔ ምን እንደሰጠኝ እንኳ አያስታውስም። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ።

«ጋሼ፣ እሱ እኮ ግራዋ ነው። እርስዎ ነዎት የሰጡኝ።»

ጋቢውን ስቦ እግሩን ሸፈነ።

«እውነተኛውን ይንገሩኝ። አሁኑኑ ሄጄ ቆርጬ አመጣለሁ።»

ሚስቱ አጠገቡ ተንበረከከች። «በመድኃኔዓለም ይዤዎታለሁ፤ ይናገሩ!»

አፉን ከፈተ። ሊናገር ነው ብዬ ጠጋ አልኩ። እኔን አየኝ፤ እሷን አያት፤ ከዚያ በሩን አየ።

«ልጄስ መቼ ነው የሚመጣው?» አለ።